«ፓይለት ሊሆን ነው፣ ዋስ ሁኚለት» አሉኝ

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ ትንሽ ዓሣ ቤት አለኝ። ዕድሜዬ 54 ነው። የወንድሜ ልጅ የአብራሪነት ፈተና አልፎ ስልጠና ሊገባ ነው። ትምህርት ቤቱ ለእኔ ቤት ይቀርብ ስለነበር ምሳውን እኔ ዘንድ እየበላ ነው ያደገው። አሁን ዋስ አምጣ ተባለ። ወንድሜ ‹ቤት ያለሽ አንቺ ነሽ፣ ፈርሚለት› አለኝ። ሳመነታ ሲያየኝ ‹ምን ያስፈራሻል? ፓይለት እኮ ነው! በዓመቱ መኪና ይገዛልሻል፣ ዱባይ በነጻ ትመላለሻለሽ› ይለኛል። የጎረቤቴ ልጅ ግን ረዳት አብራሪ ሆኖ እናቱ አንድ ወር ትስቃለች፣ አንድ ወር ‹ልጄ እጁ አጥሮታል› ትላለች። ግራ ገባኝ። የፓይለት ደመወዝ እንዴት ነው? ብፈርም እጎዳ ይሆን? ባልፈርምስ የልጁን ዕድል መዝጋቴ አይደል? ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም። — የዓሣ ቤቷ»

መልሱ፦

እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ስለ ደመወዙ፣ አንዴ ደግሞ ስለዚያች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር። ወደ እሷ እመጣለሁ።

ከጎረቤትዎ ልጀምር። ሴትየዋ አልዋሸችም። በሳቀችበት ወርም በከፋት ወርም እውነቷን ነው። የፓይለት ገቢ እንደ መምህር ደመወዝ በየወሩ ያው ሆኖ የሚመጣ ነገር አይደለም። እኔ እዚህ ዓምድ ላይ ከመቀመጤ በፊት ለዓመታት የደመወዝ ሒሳብ ስሠራ ኖሬያለሁ። ብዙ ዓይነት ፔሮል አይቻለሁ። እንደ አብራሪዎች የሚያደናግር ግን አልገጠመኝም።

ዓሣ ቤት ስላለዎት በዚያው ላስረዳዎ። ቀረሶ የሚያመጣልዎትን አጥማጅ ያስቡት። ሌሊት ተነስቷል። መረቡን ጠግኗል። ታንኳውን ጎትቶ ውኃ ላይ አውጥቷል። ንፋሱ እስኪበርድ ዳር ላይ ተኮራምቶ ጠብቋል። እርስዎ የሚከፍሉት ግን ለዚህ ሁሉ አይደለም፤ ሚዛን ላይ ለወጣው ዓሣ ነው። የፓይለት የበረራ ክፍያም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ዩኒፎርም ለብሶ ከቤት ሲወጣ አይደለም። ኤርፖርት ሲደርስም አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ፍሬን ለቆ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው። የሚያቆመውም መድረሻው ላይ ቆሞ ፍሬን ሲይዝ ነው። በመሃል ያለችው ሰዓት ናት «የበረራ ሰዓት» የምትባለው።

እና የቀረው? የአየሩን ሁኔታ ማየት፣ ነዳጅ ማስላት፣ በአውሮፕላኑ ዙሪያ እየዞሩ ጎማውንና ሞተሩን መፈተሽ፣ ክረምት ላይ ዶፉ እስኪያባራ ተሳፋሪ ጭኖ መጠበቅ። በሰዓት በሚከፈልበት አሠራር ፍሬኑ እስካልተለቀቀ ድረስ ይህ ሁሉ መረብ መጠገን ነው።

ልዩነቱ አጥማጁ ባዶ መረብ ሲያወጣ ባዶ እጁን መግባቱ ነው። ፓይለቱ ግን ወለል አለው። ብዙ አገር መሠረታዊ ደመወዝ ይቆረጥለትና የበረራ ሰዓቱ ከላይ ይደመራል። አሜሪካ ደግሞ ክፍያው ራሱ በሰዓት ሆኖ በወር ይህን ያህል ሰዓት ባትበርም እንደበረርክ እንቆጥርልሃለን የሚል ዋስትና አለ። ብዙውን ጊዜ 70 ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የአውሮፓ ርካሽ አየር መንገዶች ዘንድ በሰዓት ፋንታ በምልልስ ቁጥር የሚከፍሉም አሉ። አሠራሩ ይለያይ እንጂ ወለልና ጭማሪ መሆኑ ብዙ ቦታ ያው ነው።

የአጎቴ ልጅ ረዳት አብራሪ ነው። የት እንደሚበርር ይቅር። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቶ፣ እናቱ ቡና እያፈሉ ሁለት የደመወዝ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። «አንቺ ይሄን ታውቂያለሽ፣ እስቲ ለእማዬ አስረጂልኝ» አለኝ። እናቱ ልጃቸው ገንዘብ የሚደብቅ መስሏቸው ኩርፊያ ላይ ነበሩ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አደረግኳቸው። የመጀመሪያው መስመር፣ መሠረታዊ ደመወዙ፣ በሁለቱም ላይ እስከ ሳንቲሙ አንድ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ግን አንደኛው ወረቀት ደህና ቁጥር ይዟል፤ ሌላኛው ላይ ሰረዝ ብቻ አለ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ጉንፋን ይዞኝ።»

እናቱ ጀበናውን አስቀመጡ። «በጉንፋን? እኔ በጉንፋን ስንት ዓመት እንጀራ ጋግሬ አሳድጌህ?»

ቀልድ አይደለም። ጉንፋን የያዘው ሰው ጆሮው ይደፈናል። አውሮፕላን ሲወጣና ሲወርድ የአየሩ ግፊት ይለዋወጣል። የተደፈነ ጆሮ ከዚያ ጋር እኩል መራመድ አይችልም፤ ታምቡሩ እስከ መቀደድ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ «አትበርም» ይላል። የእሱ ጉንፋን ወደ ጆሮ ኢንፌክሽን ዞሮ ሳምንታት ወሰደ። ሳምንታት ምድር ላይ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ሰረዝ። በዚያ ሰሞን ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ከላይ የሚያልፈውን አውሮፕላን እያየ «ይቺ ሰዓት የእኔ ነበረች» ይለኝ ነበር።

ሌላው ግራ የሚያጋባው የሰዓቱ ርዝመት ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ደርሶ መልስ ሁለት። ይቺን ሁለት ሰዓት ለማግኘት ፓይለቱ ግማሽ ቀኑን ይሰጣል። ፍራንክፈርት ግን በአንድ ጉዞ ብቻ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። መነሳትና ማረፉ አንድ አንድ ጊዜ፣ ሰዓቱ ግን ሰባት እጥፍ። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ እያለ የሚመላለሰው ልጅ ሲነሳና ሲያርፍ ይውላል፤ ሰዓቱ ግን በጠብታ ነው የሚጠራቀምለት። ጀማሪው የት ነው የሚመደበው? አብዛኛውን ጊዜ አጭሩ ላይ ነው።

እዚህ ጋ «ሲኒየሪቲ» የምትባል ቃል ትገባለች። የቅጥር ወረፋ ይበሏት። ባጃጅ ተራ ያለውን ያውቁታል፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጭናል፣ ጭኖ ሲመለስ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል። የፓይለቶች ወረፋ ግን አይዞርም። ብዙ ቦታ በተቀጠሩበት ቀን የተሰጠ ቁጥር እስከ ጡረታ ይከተላል። ፊት ያሉት ጡረታ ሲወጡ ወይም ሲለቁ ብቻ ነው ወደፊት የሚጠጉት። ማን ትልቁ አውሮፕላን ላይ ይውጣ፣ ማን ፋሲካን ቤቱ ይዋል፣ ማን ካፒቴን ይሁን፣ ብዙው በዚህ ቁጥር ይወሰናል። የሰዓቱ ዋጋም በሦስት ነገር ይተመናል፦ ስንት ዓመት አገለገልክ፣ የትኛውን አውሮፕላን ታበራለህ፣ በግራው ወንበር ነህ ወይስ በቀኙ። ግራው የካፒቴኑ ነው። የቀኙ ሰው፣ ማለትም ረዳት አብራሪው፣ አሜሪካ ውስጥ የካፒቴኑን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ያገኛል፤ ያውም ጥቂት ዓመት ከሠራ በኋላ።

እና ወንድምዎ ሳይሰሙት ያልቀሩት ትልልቅ የደመወዝ ቁጥር ሐሰት ነው? አይደለም። ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ትልቁን አውሮፕላን ለሚያበርር አንጋፋ ካፒቴን በሰዓት ከ400 ዶላር በላይ ይከፍላሉ። ግን ያ ሰውዬ ጸጉሩ የሸበተ ነው። ከፊቱ የነበረውን ወረፋ ሁሉ ጨርሶ ነው እዚያ የደረሰው። የአሜሪካ ጀማሪዎችም ለብዙ ዓመት ኑሯቸው የሚያሳዝን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ የምትባል ከተማ አጠገብ አንድ አነስተኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ተከስክሶ 50 ሰው ሞተ። ምርመራው ሲደረግ የረዳት አብራሪዎች ደመወዝ ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ አደባባይ ወጣ። የዚያ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ የምትኖረው አገሩ ሌላ ጫፍ ላይ፣ ሲያትል አካባቢ ከወላጆቿ ጋር ነበር። ሌሊቱን በሌላ አውሮፕላን ተጉዛ፣ በወጉ አልጋ ላይ ሳትተኛ ነው በረራው የሚነሳበት ኒውርክ ደርሳ ሥራ የገባችው። ከዚያ በኋላ ሕግ ተቀየረ፤ ከ2013 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የመንገደኛ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ለመሆን በጥቅሉ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። ደመወዙም ያደገው ፓይለት ሲጠፋ ነው። ቸርነት አይደለም፤ እንደ ዓሣው ነው፣ ሲጠፋ ይወደዳል።

«ታዲያ ብዙ ሰዓት በርሮ ገቢውን አይጨምርም?» ይሉኝ ይሆናል። አይችልም። ሕግ ይከለክለዋል። አሜሪካ በዓመት ከ1,000 ሰዓት፣ አውሮፓ ከ900 ሰዓት በላይ መብረር አይፈቀድም። በ28 ቀን ውስጥ ደግሞ ከ100 ሰዓት ማለፍ የለም። የደከመ ሰው አውሮፕላን እንዳይነዳ ነው። እርስዎ ጾም ሲገባ ዓሣ ቤቱን እስከ ሌሊት ከፍተው ማካካስ ይችላሉ። እሱ አይችልም።

አሁን ወደ አበል። ወንድምዎ «መኪና» ያሉት ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ፓይለት ከቤቱ ውጭ ሲያድር ለምግቡና ለወጪው ውሎ አበል ይከፈለዋል። ሆቴሉን አየር መንገዱ ይዞለታል። ቆጣቢ ልጅ ከሆነ ዳቦና ቱና በቦርሳ ይዞ ሄዶ አበሉን ሳይነካው ይመለሳል። የአጎቴ ልጅ እንደዚያ ነው። ሻንጣውን ስከፍተው ግማሹ በሶ ነበር! የጨመቀው በሶ አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል። እናቱ ቤት ያለው ፍሪጅ የተገዛው በዚያ በሶ ነው።

አበል ግን ሁለት ጉድለት አለበት። ካልበረሩ የለም፤ ይኼ አንድ። ሁለተኛው ጡረታ ላይ ነው። በአገራችን ሠራተኛው ለጡረታ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ይህ የሚሰላው ግን ከመሠረታዊ ደመወዙ ነው። አበሉ አይቆጠርም። የበረራ ክፍያው ምን ላይ እንደሚቆጠር ውሉን ማየት ነው። ስለዚህ በየወሩ እጁ ላይ ደህና ገንዘብ የሚያይ ልጅ፣ ጡረታ ሲወጣ የሚያገኘው የዚያ ጥቂቱን ክፍል ነው። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ደግሞ 65 ዓመት ሲሞላው መሪውን ይለቃል። ጤነኛ ነኝ ቢልም ይለቃል። ግብሩንም አይርሱት፤ የደመወዝ ግብራችን ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ነው፣ ፓይለት ደግሞ ያንን እርከን ቶሎ ነው የሚያገኘው። ለወንድምዎ የነገሯቸው ሰዎች ቁጥሩን ከነግብሩ ይሆናል የተናገሩት።

ዱባይ በነጻ መመላለሱን በአጭሩ ልጨርሰው። የሠራተኛ ትኬት አለ፣ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅና ለወላጅ ነው። ታክሱን ይከፍሉበታል። ወንበር ከተረፈ ነው የሚሳፈሩት። ለጥምቀት ጎንደር በዚያ ትኬት እሄዳለሁ ያለ ሰው ሻንጣውን ይዞ ኤርፖርት ውሎ ሲመለስ አይቻለሁ። አክስት ደግሞ፣ ምሳ ያበላችም ብትሆን፣ ዝርዝሩ ውስጥ ብዙም አይቻት አላውቅም። ወንድምዎ ግን አባት ናቸው፤ እሳቸው አሉበት።

ጤናው ከትኬቱ ይልቅ ያሳስበኛል። ፓይለት በየዓመቱ የሕክምና ምርመራ አለበት፤ ዕድሜው ሲገፋ በየስድስት ወሩ ይሆናል። በየስድስት ወሩ ገደማ ደግሞ ሲሙሌተር፣ ማለትም ምድር ላይ የቆመ የበረራ መለማመጃ ውስጥ ገብቶ ሞተር ሲጠፋ፣ እሳት ሲነሳ ምን እንደሚያደርግ ይፈተናል። ዓይን፣ ልብ፣ ስኳር፣ አንዱ ከተበላሸ ፈቃዱ ይታገዳል። ሰው ቢሮ ውስጥ ስኳር ይዞት 20 ዓመት ይሠራል። እዚህ ግን ሥራውን ሊያሳጣው ይችላል። ለዚህ ነው «የፈቃድ ማጣት መድን» የሚባል ነገር ያለው። ልጁ ሲቀጠር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት። ብዙ ወጣት አይጠይቅም። በ24 ዓመቱ ማን ስለ ልቡ ያስባል?

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሥራው መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ጥሩ ሥራ ነው፣ ልጁም ጎበዝ ነው። የወንድምዎ «በዓመቱ መኪና» ግን ከእውነቱ ይርቃል። ስልጠናው ራሱ ጊዜ ይፈጃል። ስልጠና ላይ ያለ ልጅ የሚያገኘው የኪስ ገንዘብ ነው። ከዚያ በቀኙ ወንበር ላይ ዓመታት አሉ። ራሱን ችሎ፣ ቤት ተከራይቶ፣ አባቱን መርዳት ይችላል። ለአክስት መኪና ግን እስኪገዛ እርስዎ ባጃጁን አይተዉት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ፊርማው።

አሜሪካ ፓይለት መሆን የሚፈልግ ልጅ ብዙውን ጊዜ በራሱ ብድር 100,000 ዶላር ገደማ አውጥቶ ይማራል። የወንድምዎ ልጅ ሊገባበት ባለው ዓይነት ስልጠና ግን አየር መንገዱ ያስተምራል፣ ልጁ በዓመታት አገልግሎት ይመልሳል። ፍትሐዊ ነው። ዓመቱን ሳይጨርስ ከሄደ ወጪው ይጠየቃል። ዋስ የተፈለገውም ለዚህ ነው።

እርስዎ የሚፈሩት ልጁ ደመወዝ ሳያገኝ ቀርቶ ዕዳው እርስዎ ላይ እንዳይወድቅ ነው። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው። ልጁ ሲቸገር የትም አይሄድም፤ እዚያው ይሠራል። የእርስዎ ፊርማ የሚፈተነው ልጁ ሲሳካለት ነው። ጥቂት ዓመት በርሮ ሰዓት ያጠራቅማል። ያቺ ሰዓት የትም አገር ትሸጣለች። ከዚያ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አንዱ ይጠራዋል። እዚያ በየወሩ የተቆረጠ መሠረታዊ ደመወዝ አለ፤ ቤት ወይም የቤት ኪራይ ይሰጣል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፈላል፣ የገቢ ግብር የለም። ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ ይሆናል በዚያ ጊዜ። የአገልግሎት ዘመኑ ደግሞ አላለቀም። የሚፈተነው ያን ቀን ነው፣ ከእሱ ጋር የእርስዎም ቤት።

ክፉ ልጅ ስለሆነ አይደለም። እኔም ብሆን አመነታ ነበር።

ስለዚህ ውሉ ይምጣ። ቅጂው እጅዎ ሳይገባ «ነገ እንፈርማለን» የሚባል ነገር የለም። ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት የገንዘቡን ጣሪያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የ1952ቱ፣ አንቀጽ 1725 እና 1922 ላይ ዋስትና በጽሑፍ ካልሆነና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተጻፈበት አይጸናም ይላል። «ለሚደርሰው ወጪ ሁሉ» የሚል ቃል ካዩ እስክሪብቶውን ያስቀምጡ። ቁጥር ይጻፍ። ከዚያ ያንን ቁጥር ዓሣ ቤትዎ በስንት ዓመት ይከፍለዋል ብለው ያስሉት። እንቅልፍ ከነሳዎ አይፈርሙ።

«በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለበትም ይጠንቀቁ። ያለዚያ ቃል ከሆነ ዋሱ «መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት፣ ንብረቱን እዩ» ማለት ይችላል። በዚያ ቃል ከፈረሙ ግን ልጁን ሳይነኩ በቀጥታ ወደ እርስዎ መምጣት ይችላሉ። የከፈለ ዋስ መልሶ ልጁን የመጠየቅ መብት አለው፣ ይኼ በሕግ ነው። ግን የወንድም ልጅ ማን ይከሳል?

ሌላው፣ ዕዳው በየዓመቱ ይቀንሳል ወይ? ልጁ ከግዴታው ግማሹን አገልግሎ ቢሄድ ግማሹ ነው የሚጠየቀው ወይስ ሙሉው? ታሞ ፈቃዱ ቢታገድስ? ስልጠናውን ቢወድቅስ? ልቤን አመመኝ ብሎ የወጣና ኤሚሬት ሄዶ የተቀጠረ እኩል መታየት የለባቸውም። ውሉ ካልለየ በጽሑፍ ይጠይቁ። እዚያው ባሕር ዳር ጠበቃ ዘንድ ሄደው አንድ ሰዓት ማስነበብ የሁለት ቀን የዓሣ ትርፍ ቢያስወጣዎት ነው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር። ለባለቤትዎ አልነገሩም። እትዬ፣ ይህን ብቻውን ስህተት ነው እላለሁ። የቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት ተስማምተው እንዲያደርጓቸው ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን ነው። ቤቱ የሁለታችሁ ከሆነ ፊርማው ነገ ሌላ ጭቅጭቅ ያመጣል። ሕጉን ተዉት፣ ቤቱስ? ባለቤትዎ ከእርስዎ ሳይሆን ከሰው ቢሰሙ ምን ይላሉ? አይፈቅዱልኝም ብለው ፈርተው ከሆነ፣ ምናልባት የፈሩት «አይሆንም» የሚለው መልስ እርስዎም ልብ ውስጥ ስላለ ነው። ዛሬ ማታ ይንገሯቸው።

ስለ ወንድምዎም አንድ ነገር አለኝ። አባቱ እያሉ ለምን አክስት ብቻ? ቤት የለኝም ቢሉም፣ ደመወዝ ያላቸው ሰው ከሆኑ እሳቸው አንዱ ዋስ፣ እርስዎ ሌላው መሆን ይቻል እንደሆነ ይጠየቅ። ገንዘቡ ለሁለት ቢካፈል የእርስዎ ጣሪያ ይወርዳል። የነጻ ትኬቱ ዝርዝር ውስጥ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ዋስትናው ዝርዝር ውስጥም ቢገቡ ደግ ነው።

ላለመፈረም ከወሰኑም የልጁን ዕድል አልዘጉም። ከሌላ ዘመድ፣ ከመንግሥት ሠራተኛ ጎረቤት፣ ከአጎት ዋስ ማፈላለግ ይቻላል። «እኔ አልችልም፣ ግን አብሬህ ሰው እፈልጋለሁ» ማለት ነውር የለውም።

ለመፈረም ካሰቡ ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ልጁ ብቻውን ይምጣ። አባቱ አይምጡ። ዓሣ ቤቱ ጭር በሚልበት ሰዓት፣ እንደ ድሮው ምሳውን ያብሉት። በልቶ ሲጨርስ ይጠይቁት፦ «ልጄ፣ ግዴታህ ሳያልቅ ትልቅ ደመወዝ ይዘው ቢጠሩህ ምን ታደርጋለህ?»

«አክስቴ፣ እንዴት እንደዚህ ታስቢያለሽ!» ብሎ ከሳቀ ገና አላሰበበትም። ቆም ብሎ፣ ውሉ ላይ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ በቁጥር ከነገረዎትና «ከሄድኩ ከፍዬ ነው የምሄደው» ካለ፣ ያኔ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብለው ውሉን ያንብቡ።